የጋሽ ሬይናልዶን ድምፅ ያጠፋሁ ጊዜ

መቀመጥ አይሆንልኝም። ሰው ቤት ሄጄ ወንበር ሲሰጡኝ እንኳ ጫፉ ላይ ነው የማርፈው፤ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አላወርድም። ልጄ ሊያ በዚህ ነገር ተሰላችታለች። ባለፈው ቅዳሜ ጓሮዋ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ሳለ ድንገት ተነስቼ የተከለቻቸውን ቲማቲሞች ከእንጨት ጋር ማሰር ስጀምር፣ «ማሚ፣ ካን ዩ ጀስት ሲት? ፎር ፋይቭ ሚኒትስ?» አለችኝ። «አንቺ ጠጪ፤ እኔ ቆሜም እጠጣለሁ» አልኳት። ክሩን በግንዱ ዙሪያ አዙሬ ስቋጥር ቅጠሉ እጄን ታከከኝና ሽታው ወጣ። የቲማቲም ሽታ ስል ፍሬውን ማለቴ አይደለም፤ ፍሬውማ ዛሬ ዛሬ ሽታም የለው። ቅጠሉን ነው። መረር ያለ፣ በሳሙና ታጥበው እንኳ ጣት ላይ የሚቀር ሽታ ነው። እጄን አፍንጫዬ ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ። ሊያ ደንግጣ «አር ዩ ኦኬ?» ስትለኝ ደህና ነኝ አልኳት፤ ደህና ግን አልነበርኩም። አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረውን ጊዜ ወደ ኋላ ሄጄ፣ በኮሎምበስ ደቡብ በኩል ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ በነበረች አንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር።

ያን ጊዜ ኮሎምበስ ሌላ ከተማ ነበረች። የዛሬ ልጆች ክሊቭላንድ አቬኑን ሲያዩ ከጥንት ጀምሮ የእኛ ሰፈር የነበረ ይመስላቸዋል፤ ሥጋ ቤቱም ፀጉር ቤቱም የአማርኛ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። እኔ ስደርስ እዚያ መንገድ ላይ የነበረው ያገለገለ ጎማ የሚሸጥ አንድ ነጭ ሽማግሌ፣ አንድ ዶናት ቤትና ሁልጊዜ የተዘጋ የሚመስል የቀለም መደብር ነበር። አበሻ መንገድ ላይ ካየን የደወሉን ገመድ ስበን ከአውቶቡስ እንወርድ ነበር፤ ሮጠን ስንደርስ አንዳንዴ ሰውየው ሱማሌ ሆኖ ይገኛል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አሜሪካዊ። ተሳስቀን እንለያያለን። ወደ አሜሪካ ያስመጣኝ ቤተ ክርስቲያን የሰጠኝ ካፖርት የወንድ ነበር፤ እጅጌው ከጣቶቼ አልፎ ይንጠለጠላል። የከተማው ሴት ሁሉ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ሸሚዝ ሲለብስ፣ እኔ ያለ ስፖንጅም ትከሻዬ ሰፊ ነበር። ወጣቶቹ ፀጉራቸውን በዘይት ያርሱት ስለነበር የአውቶቡሱ መስኮት ላይ የራሳቸው ልክ ክብ ሆኖ ይታተማል፤ እኔ መስኮት ዳር ስቀመጥ መጀመሪያ መስታወቱን በጋዜጣ እጠርጋለሁ። በትከሻቸው ሻንጣ የሚያህል ሬዲዮ ተሸክመው ያልፋሉ፤ ከበሮው ሆድ ዕቃዬ ድረስ ይገባ ነበር። ሎንግ ስትሪት ጥግ ላይ ሁለት ዶላር የማይሞላ ገንዘብ ተከፍሎ በነጭ ዳቦ የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣ ይገኛል። ወረቀቱ በዘይት ወዝቶ፣ ቃሪያው አፍንጫ እየሰነፈጠ፣ ቆሜ እበላ ነበር። ያኔም መቀመጥ አልወድም።

እኔ ሥራ ያገኘሁት በጣቴ ነው። አብራኝ ከሱዳን የመጣችው፣ አፓርትመንት የምንጋራው አልማዝ ቤክስሊ ውስጥ የሀብታም ቤት ታጸዳ ነበር። እኔም ወደዚያው ልሄድ ስል፣ አገር ቤት የመሥሪያ ቤት ታይፒስት እንደነበርኩ የሰሙ ሰዎች ኒር ኢስት ሳይድ ወዳለ አንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ላኩኝ። እዚያ ምድር ቤቱ ውስጥ ሚስስ ሃሪየት የሚባሉ ጡረታ የወጡ ጥቁር አስተማሪ ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ መነጽራቸው በሰንሰለት አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው ሴት ናቸው። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን ያዩ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ድምፅ በካሴት ያስቀዱ ነበር፤ የተዋጋውንም፣ ቤት ቀርቶ ፋብሪካ የገባውንም። በተለይ ማንም ያልጠየቃቸውን ሰዎች ይፈልጉ ነበር። በኋላ በከተማው ተበታትነው የሚኖሩትን የሜክሲኮና የፖርቶ ሪኮ ሽማግሌዎች አገኟቸው። ቲማቲም ሊለቅሙ፣ ሐዲድ ሊያነጥፉ ኦሃዮ መጥተው የቀሩ፣ በጦርነቱ ጊዜ ወታደር የነበሩ ሰዎች ናቸው። «የነጮቹ ታሪክ መጽሐፍ አለው፤ የእነዚህ ግን አፋቸው ውስጥ ነው ያለው፤ ሲሞቱ አብሮ ይቀበራል» አሉኝ ሚስስ ሃሪየት። የእኔ ሥራ ቴፑን ተሸክሜ በየቤታቸው መሄድ፣ መቅዳት፣ ከዚያ ካሴቱን በሁለት ማባዛትና የተባለውን ታይፕ ማድረግ ነበር። እሳቸው በጉልበታቸው ምክንያት ብዙ ደረጃ ስለማይወጡ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ነበር የምሄደው። ያስተማሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሰው ዝም ሲል አትግቢበት። ጠብቂው» ብለውኛል።

ጋሽ ሬይናልዶን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ሚስታቸው ሞታባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሪዛቸውን በትንሽ ማበጠሪያ የሚያበጥሩ ሰው ነበሩ። ለቴፑ ሲሉ ይላጫሉ፤ እስከ አንገት የተቆለፈ በካውያ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ይጠብቁኛል። በረንዳቸው ዙሪያውን በቆርቆሮ ጣሳ የተተከለ ቲማቲም ነበር። በሄድኩ ቁጥር አንድ ቅጠል በጥሰው ጣቶቻቸው መሃል አሽተው ያሸቱኛል። «ወደዚህ አገር ያመጣኝ ይሄ ነው፤ ጀርባዬን ያጎበጠውም ይሄው ነው። ግን ሳልተክል መዋል አልችልም» ይሉ ነበር። ከውስጥ የስፓኒሽ ሬዲዮ አኮርዲዮን ያሰማል፤ ሊቀዱ ሲሉ ራሳቸው ሄደው ያጠፉታል።

በሁለተኛው ቀን «ጋሼ» ብዬ ጠራኋቸው፤ ከአፌ አምልጦኝ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው። እርስዎን በስም መጥራት ያሳፍረኛል።»

«ይኸው፣ በስተርጅና ከአፍሪካ እህት አገኘሁ!» ብለው በረንዳው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሳልል ብቀር «ዛሬ ወንድምነቴ ቀረ እንዴ?» ይሉኛል።

ወሬያቸው ጣፋጭ ነበር። ቴክሳስ ውስጥ ከባቡር ጣቢያ ጀርባ ስላለች የተወለዱባት የአፈር መንገድ፣ ስለ ፍየሎቹ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ ስለሚሠራ ኳስ፣ እናታቸው ይደበድቧቸው ስለነበረበት ዱላ ሁሉ ያወራሉ። ጦርነቱ ጋ ሲደርሱ ስለ ምግቡ፣ ስለ ካልሲው፣ አጥር አስዘልሎ ዶሮ ስላሰረቃቸው ሻለቃ ያወራሉ። አንድ ወንዝ ጋ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ። «ዝጊው» ይሉኛል። እዘጋለሁ። ቲማቲሙን ውሃ ሊያጠጡ ይነሳሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ወንዝ ዳር እየደረስን ተመለስን። በአራተኛው ሳምንት ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መሬት ላይ አስቀመጡና «ዛሬ ዝጊው ብልሽ እንኳ እንዳትዘጊው» አሉኝ።

አልዘጋሁትም። ከዚያች አንዲት የአፈር መንገድ አሥራ አንድ ልጆች ዘምተው ነበር። የእያንዳንዱን ስም፣ የእናቱን ስም፣ ቤቱ ከጣቢያው ስንተኛ እንደሆነ ተናገሩ። ማን የመኖሪያ ወረቀት እንደነበረው፣ ማን ከሜክሲኮ የድንበሩን ወንዝ በሌሊት ተሻግሮ የመጣ ወረቀት የለሽ እንደሆነ፣ የማን ወንድም አሁን እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ የት እንደሚሠራ ሁሉ አስከትለው ተናገሩ። በመጨረሻ ማርቲን ጋ ደረሱ። ማርቲን አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ለውትድርና አልደረሰም። ሆሴ የሚባል ታላቅ ወንድሙ በሳንባ በሽታ ሞቶ ነበርና፣ የሆሴን የልደት ወረቀት ይዞ ሄዶ «ሆሴ ነኝ» ብሎ ተመዘገበ። ሲሞትም መንግሥት ለእናቱ የላከላቸው ወረቀት «ልጅዎ ሆሴ ሞቷል» ይላል። እናትየው «ሆሴን ቀብሬዋለሁ፤ ማርቲን ሞተ ያለኝ ሰው የለም» ብለው አልቅሰው ሳይቀብሩት፣ በር በሩን እያዩ ሞቱ። የቀረችው እህቱ ኮንሱዌሎ ናት፣ ቶሌዶ የምትኖር። ጋሽ ሬይናልዶን ባገኘቻቸው ቁጥር ትጠይቃቸዋለች። «‘ማርቲንን አየኸው?’ ትለኛለች። ‘ከእኔ ጋር አልነበረም’ እላታለሁ። አርባ ዓመት ዋሸኋት» አሉ። ከዚያ ማርቲን ወንዙ ውስጥ እንዴት እንደሞተ ተናገሩ። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ሲጨርሱ ባርኔጣቸውን አደረጉና ወደ ውስጥ ገቡ፤ እኔም ቴፑን ዘግቼ ሄድኩ። ለማን ብለው እንደተናገሩት አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አውቶቡስ ውስጥ ያንን ካሴት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ስሄድ፣ እንዳልነጠቅ ደረቴ ላይ አጥብቄ አቅፌው ነበር። ይሄን ለማስረዳት አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አገር ቤት ሳለሁ አንድ ቀን ጠዋት አለቃዬ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ። ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። «በሦስት ኮፒ፣ ቶሎ» አለኝ። ካርቦኑን አስገብቼ መታሁት፤ አንድም ፊደል አልተሳሳትኩም፤ ንጹሕ ሥራ ነው ብሎ አመሰገነኝ። ዝርዝሩ ላይ የነበሩት ሰዎች በዚያ ሳምንት ከየቤታቸው ተወሰዱ። አንዳቸውም አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ ስምና አድራሻ አንድ ላይ ተደርድሮ ካየሁ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀምጣለሁ፤ የስልክ ማውጫ እንኳ ደስ አይለኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። እናም የጋሽ ሬይናልዶ ወሬ ለእኔ ጆሮ ወሬ አልነበረም። ዝርዝር ነበር።

ለአልማዝ ነገርኳት። ከሥራ መጥታ እግሯን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋለች።

«ስሙንም አድራሻውንም ተናገሩ?»

«ሁሉንም። ማን ወረቀት እንደሌለው፣ የማን ወንድም የትኛው ፋብሪካ እንደሚሠራ።»

«በማርያም! ኢሚግሬሽን ቢሰማውስ? በሙሉ ነው እኮ ዲፖርት የሚያደርጓቸው! በሞተ ሰው ፔፐር ተመዝግቦ? ክራይም ነው ይሄ!»

«ልጁ ሞቷል እኮ አልማዝዬ።»

«ቤተሰቡ አልሞተም! ደግሞ አንቺንም ኢንተርቪው ማድረጋቸው አይቀርም፤ ግሪን ካርድሽ ገና ፔንዲንግ ነው። ሽማግሌው አረጁ፣ አፋቸው አመለጣቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ኢሬዝ አድርጊው፣ አጥፊው!»

በማግስቱ ምድር ቤቱ ባዶ ሳለ አደረግሁት። ጅማሬውንና መጨረሻውን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። ከዚያ ባዶ እንዲቀዳበት ማይኩን ነቅዬ የመቅጃውንና የማጫወቻውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫንኩ። ካሴቱ ሲዞር ቆሜ አየሁት፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ደቂቃ እንደማለት። ቅጂውንም እንደዚያው። እውነቱን ልናገር፤ ስጨርስ ኩራት ተሰማኝ። አገር ቤት ያላዳንኩትን ሰው እዚህ ያዳንኩ መሰለኝ። በዚያ ቀን ዓሣዬን ገዝቼ፣ የመጀመሪያ ጊዜ ነው መሰለኝ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በላሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ጋሽ ሬይናልዶን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ሞተ፤ አንደበታቸው ተያዘ። ሐኪም ቤት ስሄድ ሰው ያውቃሉ፣ ነገር ይሰማሉ፤ ከአፋቸው የሚወጣው ግን «ሲ፣ ሲ» ብቻ ነበር። ደስታም ሲሆን «ሲ»፣ ንዴትም ሲሆን «ሲ»። ሪዛቸውን እኔ አበጠርኩላቸው።

ከዚያ ሚስስ ሃሪየት አንድ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ጋሽ ሬይናልዶ ከመታመማቸው ሳምንት ቀደም ብለው ለኮንሱዌሎ ጽፈው ኖሯል። «ፊትሽን እያየሁ መናገር አቃተኝ። ስለ ማርቲን ያለውን ሁሉ ካሴት ላይ ነግሬዋለሁ። መጥተሽ ስሚው» ይላል። ኮንሱዌሎም ደብዳቤውን አባሪ አድርገው ‘የቱ ቀን ልምጣ?’ ብለው ለቤተ መጻሕፍቱ ጽፈዋል። ሚስስ ሃሪየት ደስታቸውን አልቻሉትም። «ለዚህ ነው የምንሠራው! ለዚህ ነው!» እያሉ ትከሻዬን ይመታሉ። እኔ ያን ቀን ለአንዴ ወንበር ፈልጌ ነበር።

ያ ሳምንት አይነሳ። ከኮሎምበስ ወጥቼ ልጠፋ አሰብኩ፤ አትላንታ የምታውቀኝ ልጅ ነበረች። ካሴቱን ልሰርቀው አሰብኩ። ቤተ መጻሕፍቱ ተቃጠለ ብባል ደስ ይለኝ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከብሮድ ስትሪት ጫፍ እስከ ጫፍ በእግሬ እየሄድኩ አውቶቡሶቹ በአጠገቤ ያልፋሉ። አልማዝ «ሲክ ነኝ ብለሽ ኮል አድርጊ፤ ካሴቱ በራሱ ተበላሽቷል ይባላል፤ ማን ያውቃል?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ማንም አያውቅም። ማርቲን እንዴት እንደሞተ የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዱ መናገር አይችሉም፤ ሌላዋ እኔ ነኝ። ይሄንን ሳስብ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁት ሥራ የገባኝ። የእነዚያን ሰዎች ስም ከጠላት የደበቅሁ መስሎኝ ከእህት ደበቅሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እትዬ ኮንሱዌሎ ከቶሌዶ በአውቶቡስ መጡ። ጥቁር ካፖርት፣ መረብ ያላት ትንሽ ባርኔጣ፣ ሁለት እጃቸውን ያሳረፉበት ጥቁር ቦርሳ። ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል፤ ፊታቸው የተቆጣ ይመስላል። ለማንም ፈገግ ሳይሉ «ድምፁ በየት በኩል ነው የሚወጣው?» ብለው ጠየቁና ወንበራቸውን ከማሽኑ አጠገብ አስጠግተው ተቀመጡ። ጋሽ ሬይናልዶን በዊልቸር ወደ ምድር ቤቱ አመጧቸው፤ ያው ነጭ ሸሚዝ፣ አንገቱ የተቆለፈ። ሚስስ ሃሪየት ካሴቱን ከፈቱት። የጋሽ ሬይናልዶ የድሮ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ፍየሎቹ፣ ኳሱ፣ ዱላው። እትዬ ኮንሱዌሎ አንዴ ሳቁ። ከዚያ ድምፁ ዝግ አለና «እንግዲህ ስለ ሰፈሬ ልጆች ልናገር» አለ። ቀጭ አለ። ከዚያ ሹክሹክታ የመሰለ የባዶ ካሴት ድምፅ ብቻ ሆነ።

እትዬ ኮንሱዌሎ ጆሯቸውን አስጠጉ። ሚስስ ሃሪየት ድምፁን ከፍ አደረጉት፤ ሹክሹክታው ጨመረ። «ትንሽ ይጠብቁ፣ እያሰቡ ይሆናል» አሉ። ሰው ዝም ሲል ጠብቂው ብለው ያስተማሩኝ ሴት፣ እኔ የሠራሁትን ዝምታ በአክብሮት ይጠብቃሉ። ጋሽ ሬይናልዶ መጀመሪያ ማሽኑን አዩት። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። «ሲ?» አሉ። ገብቷቸዋል።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ ተነስቼ። «ሆነ ብዬ ነው። ሰው ይጎዳል ብዬ ነው። ግን ሰምቼዋለሁ። ሁሉንም ሰምቼዋለሁ።»

ሚስስ ሃሪየት ማሽኑን ዘጉት። የእትዬ ኮንሱዌሎ የተቆጣ ፊት ወደ እኔ ዞረ። አፌን ልከፍት ስል አገሬ መጣብኝ። ይሄ ወሬ አይደለም፤ መርዶ ነው። መርዶ ደግሞ ደርሶ አይዘረገፍም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየውን አስቀምጦ፣ ከአጠገቡ የሚይዘው ሰው አዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እኚህ ሴት አርባ ዓመት የዘገየ መርዶ ሊሰሙ ነው፤ እኔ ደግሞ መርዶ ነጋሪ ሆኜ ተገኘሁ። ሚስስ ሃሪየትን ከጎናቸው ተቀምጠው ትከሻቸውን እንዲይዙ ነገርኳቸው። ቦርሳቸውን ከእጃቸው ወሰድኩ። ሹል ጥግ ያለውን ጠረጴዛ ከፊታቸው ገፋሁ። ጉልበታቸው ሥር ተንበረከክሁና እንደ አገሬ ጀመርኩ። «እናትዎን እግዚአብሔር ያሳርፋቸው። ሆሴንም እግዚአብሔር ያሳርፈው። ማርቲንም ሞቷል።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንዴት?» አሉ።

የእኛ አገር መርዶ ነጋሪ እዚህ ላይ ይዋሻል። «አልተሠቃየም፤ ወዲያው ነው» ይላል፤ ሐዘንተኛው እንዲችለው። እሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጋሽ ሬይናልዶን ቀና ብዬ ሳይ ግን ጥርሳቸውን ነክሰው ያዩኛል። አንዴ ያጠፋሁትን ሁለተኛ ላጠፋው ነው። እናም እንዳለ ተናገርኩ። ወንዙ እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር። ጀልባው ተገለበጠ። ማርቲን ዋና አያውቅም ነበር። ሬይናልዶ አንድ የዛፍ ሥር ጨብጠው በሌላው እጃቸው ያዙት። «ጫማዬ ውሃ ሞላ፣ ሬይ፤ ጫማዬ ሞላ» ይል ነበር። ሥሩ እየተነቀለ መጣ። ሁለታችንም ልንሄድ ነው ብለው አሰቡ። ለቀቁት። «አምልጦኝ አይደለም፤ ለቀቅሁት» ነው ያሉት፤ እንደዚያ ብለው ይጻፍ አሉ።

እትዬ ኮንሱዌሎ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሬይናልዶ በየትኛው እጁ ነበር የያዘው?»

«አልተናገሩም» አልኩ።

ወደ ጋሽ ሬይናልዶ ዞሩ። ጋሽ ሬይናልዶ ግራ እጃቸውን፣ የቀረቻቸውን ደህናዋን እጅ፣ ከፍ አደረጓት። እትዬ ኮንሱዌሎ ተነሱ። ሚስስ ሃሪየት ሊይዟቸው ሲሉ ገፏቸው። ሄደው ያችን እጅ በመዳፋቸው መቷት፤ ጥፋተኛ ልጅ እንደሚመታ፤ ሁለቴ፣ በኃይል። ከዚያ ወንበር ጎትተው ተቀመጡና ያችኑ እጅ ጭናቸው ላይ ይዘው ጮኸው አለቀሱ። የአርባ ዓመት ልቅሶ ነው፤ ላይ ቤት መጽሐፍ የሚያነቡ ሰዎች ደንግጠው ወረዱ። «ሲ፣ ሲ፣ ሲ» ይላሉ ጋሽ ሬይናልዶ እያለቀሱ። ብዙ ቆይተው እትዬ ኮንሱዌሎ ፊታቸውን ጠርገው ሚስስ ሃሪየትን «ማሽኑን ክፈቺው» አሏቸው። ወደ እኔ ዞረው «እንደገና ተናገሪ፤ ከመጀመሪያው። የአሥራ አንዱንም ስም። ማርቲንን ማርቲን ብለሽ ጥሪው» አሉኝ። አሥራ አንዱንም አስታወስኳቸው። ሦስት ጊዜ ሰምቻቸው የለ።

ከዚያ በኋላ ይሻለኛል ብዬ ነበር። አልተሻለኝም፤ ባሰብኝ። ታይፕ ማድረጊያው ላይ ስቀመጥ ጣቴ አልታዘዝ አለ። የዚያች የአገር ቤቷ ዝርዝር ስድስተኛ መስመር ላይ የጎረቤቴ የእትዬ አስካለ ልጅ ስም ነበር። እትዬ አስካለ ልጃቸው ታስሯል ብለው በየሳምንቱ እሑድ በአገልግል ስንቅ ቋጥረው ወደ አንድ ትልቅ የብረት በር ይሄዱ ነበር። ዘበኞቹ ስንቁን ይቀበሏቸዋል፤ ባዶውን አገልግል ይመልሱላቸዋል። እሳቸው በላ ብለው ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። እኔ ዝርዝሩ ላይ የነበሩት ሁሉ እንደተገደሉ መሥሪያ ቤት ሰምቼ አውቅ ነበር። መንገድ ላይ አግኝቻቸው «ልጁ ደህና ነው?» እላቸው ነበር። «ይመስገን፣ ይበላልኛል» ይሉኛል። ከአገር እስክወጣ ድረስ እንዲያ አልኩ።

በዚያው ሳምንት ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ስሙን ከነአባቱ ጻፍኩት፤ ዝርዝሩን የመታሁት እኔ እንደሆንኩም ጻፍኩ። አልማዝ አብደሻል አለችኝ። ፖስታ ቤቱን አላመንኩትም፤ ወደ አገር ቤት ሄዶ የሚመለስ አንድ ሰው አግኝቼ፣ ብቻቸውን ሳሉ እንዳትሰጣቸው፣ የንስሐ አባታቸውንና ሁለት ጎረቤት ጠርተህ አስቀምጠህ አንብብላቸው ብዬ አስማልኩት። ሰውየው ከአራት ወር በኋላ ተመልሶ ኮሎምበስ መጣ። የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመን ነው የነገረኝ። ሦስት ቀን በራቸውን ዘግተው አለቀሱ አለኝ። ረገሙኝ? አልኩት። አልረገሙሽም አለኝ። መረቁኝ? አልኩት። አልመረቁሽምም አለኝ። ታዲያ ምን አሉ? ብዬ ካፖርቱን ይዤ ስነቀንቀው፣ «‘አገልግሉን ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ በላት’ ብለዋል» አለኝ።